ጢም ያበቀለው ስንኝ

ቅዳሜ፣ ረጀብ 5

ስድስተኛ ክፍሎች ዛሬ የንቧን ምንባብ ጮክ ብለው አነበቡ። ሠላሳ አንድ ልጅ ተራ በተራ፣ አንድ ፊደል ሳይስቱ። «ንቧ ከአበባው ለምን ተመለሰች?» ብዬ ጠየቅሁ። ቀልደኛው ዐንተር እጁን አወጣና «ኡስታዝ፣ እሱን መጽሐፉን ይጠይቁት፤ እኛ ድምፅ ብቻ ነን» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅሁም። እዚህ ጉባር መንደር ሳስተምር አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ውሃ ስወቅጥ ኖሬ ይሆን?

ሰኞ፣ ረጀብ 7

ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ ጁብራን ቤት ጫት ላይ ነበርን። ሹፌሩ ዲርሂም ከገበያ አዲስ ካሴት አምጥቶ ከፈተው፤ አንድ ገጣሚ ለሌላው የላከው ግጥም ነው። ሐጂ ጁብራን ሰባ ዓመት አልፎታል፣ ፊደል አይለይም። ሦስት ስንኝ ሲሰማ «አቁም!» አለ። «ይኼ ሰውዬ ስለ ግመሉ እያወራ አይደለም። ልጃቸውን ስላልዳሩለት ነው የከፋው። መልሰህ ክፈተው።» መልሰን ሰማነው። እውነቱን ነው!

«ሐጂ፣ እንዴት አወቅህ?» አልኩት።

«መልስ የምሰጠው እኔ ብሆንስ ብዬ ነዋ የምሰማው። ለመሳቅ የሚሰማና ለመመለስ የሚሰማ ጆሮው አንድ አይደለም፣ ልጄ።»

ይህን ይዤ ቤቴ ገባሁ። በዚህ አገር ግጥም ደብዳቤ ነው። አንዱ መንደር ይልካል፤ ሌላው በዚያው ቤት መምቻ፣ ነጥብ በነጥብ ይመልሳል። ያልገባውን ነጥብ የዘለለ ሰው እስከ ልጅ ልጁ ይሳቅበታል፤ ጭራሽ ያልመለሰ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ልጆቼስ ለምንባቡ መልስ ቢጽፉለት?

ማክሰኞ፣ ረጀብ 8

ሞከርኩ። «ለንቧ መልሱላት» አልኳቸው። ጉድ ነው! ዐንተር ንቧን ሰደባት። አንዷ ልጅ ተነሥታ «ምን ነካህ? ንቧ መች ሰነፈች? አበባው ቀድሞ ተቀስሟል ይላል እኮ፣ እዚህ ጋ!» ብላ መጽሐፉን አፍንጫው ሥር ደቀነችለት። ሁለቱም ምንባቡን እንደገና አነበቡ። ማንም ሳያዛቸው!

ቅዳሜ፣ ረጀብ 12

በሳምንቱ አምስት ምንባብ ተመለሰለት። ግጥሞቹ አንካሳ ናቸው፤ ንባቡ ግን ዳነ። ልጆቹ አሁን የሚጠይቁኝ «ኡስታዝ፣ ይኼ ሰውዬ ይኼን ሲል ምን ደብቆ ነው?» እያሉ ነው። እኔ ራሴ ያላየሁትን ያሳዩኛል። የነጋዴውን ታሪክ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተምሬው፣ ሰውየው ቤቱ መመለስ እንደማይፈልግ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ቅዳሜ፣ ረጀብ 19

ከኋላ የምትቀመጥ ቀቡል የምትባል ልጅ አለች። የሙስዒድ ልጅ ናት፣ አሥራ ሦስት ዓመቷ። እስከ ዛሬ እጇን አውጥታ አታውቅም። ረቡዕ የሰጠኋቸው «የምንጯ ንግግር» የሚለውን ምንባብ ነበር፤ ምንጯ «ከተራራው ሆድ እወጣለሁ፣ ለመጣ ሁሉ እሰጣለሁ» እያለች የምትኩራራበትን። ሌሎቹ ምንጯን አመሰገኑ። ቀቡል ይህን ጻፈች፦

ለመጣ ሁሉ ነኝ ብለሽ ነበር ቃልሽ፣
እኔ ማልጄ መጣሁ ባዶ ነበር ደጅሽ፤
ክስ የለኝም፣ ምንጬ፣ ብቻ ልጠይቅሽ፣
ሌሊቱን ከማን ዘንድ አደረ ውሃሽ?

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምንጫችን ከወር ወዲህ እየቀነሰ ነው፤ ልጅቱም ጎህ ሳይቀድ ጀሪካን ይዛ የምትወርደው እሷ ናት። መጽሐፉን በራሷ እንስራ ለካችው። አንብቦ መረዳት ማለት ይኼ ካልሆነ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ለባለቤቴ ለሙህሲና አነበብኩላት። የምትፈጨውን አብሽ አቁማ ሰማችኝ። «ክስ የለኝም አለች?» አለች። «ይቺ ልጅ ጨዋ ናት።»

ማክሰኞ፣ ረጀብ 22

ነገ የወላጆች ቀን ነው። የቀቡልን ግጥም ዐንተር ያነባል፤ ድምፁ ደወል ነው፣ ልጅቱ ደግሞ በወንዶች ፊት አትቆምም። ደብተሯን ወስጄ አየት አየት አደረግሁት። ሦስተኛው ስንኝ ትንሽ ያነክሳል፤ ጉልበት የለውም። በቀይ ብዕር አቃናሁት። ምጣኔውን ብቻ ነው። መምህር ያለው ለዚህ አይደል? ደብተሯን ያኔውኑ መለስኩላት።

እኔም ድሮ እሞክር ነበር። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት አንድ ሰርግ ላይ ቆሜ ግጥም ጣልኩ፤ የሚመልስልኝ ጠፍቶ ከበሮ መቱብኝ። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ረጀብ 23

ምን ዓይነት ቀን! ዐንተር የመጨረሻዎቹን ሁለት ስንኞች ሲያሰማ ወንዶቹ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ድገመው!» አሉት፤ ሦስት ጊዜ ደገመው። ዲርሂም ቴፑን ከመኪናው አውጥቶ ቀዳው። ሙስዒድ፣ ያ ፊቱ የማይፈታ ሰው፣ «የኔ ልጅ ናት?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ሐጂ ጁብራን ብቻ አላጨበጨበም። ዱላውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታና ሄደ። ሽማግሌ ነው፣ ደክሞት ይሆናል።

ቀቡልን በሴቶቹ በኩል አየኋት። ፈገግ ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

ሙህሲና ወደ ቤት ስንሄድ «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ከንፈርህ ከልጁ ቀድሞ ይንቀሳቀስ ነበር» አለችኝ።

«ሸምድጄዋለሁ እኮ፤ ተማሪዬ ናት።»

«እህ» አለች።

ማክሰኞ፣ ረጀብ 29

ከገበያ መጣሁ። ጥሩ አይደለም። ዲርሂም ካሴቱን ሳምንቱን ሙሉ መኪናው ውስጥ ሲያዘፍነው ከርሟል። መኪናው ላይ ደግሞ ከበታቻችን ያሉት የዐውዳን ሰዎችም ይሳፈራሉ። ምንጩን አንድ ሌሊት እኛ፣ አንድ ሌሊት እነሱ ነው የምንቀዳው። በሰሙት መሠረት የጉባር ሰው በካሴት ግጥም ልኮባቸዋል። «የክፍል ሥራ ነው» ብል ማን ይሰማኛል? ግጥም በካሴት ሆኖ ከመንደር ከወጣ የተላከ ነው፣ አለቀ። ቅመም ሻጩ የዐውዳን ሰው አሥር ዓመት ደንበኛዬ ነው፤ ዛሬ ሰላምታዬን አልመለሰም። «ከታች ያለው ሌባ ምን ይመዝንልህ?» አለኝ።

ሌባ።

ረቡዕ፣ ረጀብ 30

ሙስዒድ መጣ። በር ላይ ቆመ፤ ግባ ስለው እንቢ አለ።

«ኡስታዝ፣ ‹ከታች ያለ ሌባ ጉሮሮሽን ይዞሽ› ያለችው ልጄ ናት?»

«ግጥም ነው፣ ሙስዒድ። ምንባቡ ላይ...»

«ምንባቡን ተወው። እኔ ሰው ሌባ አላልኩም፤ አባቴም አላለም። ይቺ ከየት አመጣችው? ከትምህርት ቤት! መልሳቸው እስኪመጣ ቤት ትቆይ። መልሱ ጠብ ከሆነ እስከወዲያኛው ትቀራለች። መጽሐፍ ጠገበች።»

«ሻዕባን ሃያ አራት ፈተና አለባት። ካልተፈተነች ዓመቱ ይቃጠላል።»

«መንደሩ ከሚቃጠል ዓመቱ ይቃጠል።»

እሷን ጠይቋት እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጠየቅኋት። ዝም አለች» አለኝ። ዝም ማለቷ ገረመኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የሷም የኔም።

ቅዳሜ፣ ሻዕባን 3

ቦታዋ ባዶ ነው።

ማክሰኞ፣ ሻዕባን 6

ገበያ አልሄድኩም። ክፍል ውስጥ የመልስ ግጥም አቁመናል፤ ርእሰ መምህሩ «እስኪረጋጋ» ብሎ ነው። ልጆቹ ግን አልተዉትም። ዐንተር የሒሳብ ጥያቄ በግጥም መልሶልኛል፤ መልሱ ስህተት ነው፣ ቤት ግን ይመታል።

አንድ ነገር ማሰብ አላቆምኩም። ያቺ ልጅ «ክስ የለኝም» ያለችው ለምን ነበር? ደካማ ስንኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ደብተሬ ላይ የገለበጥኩትን አውጥቼ ሳየው ግጥሙ በሙሉ የቆመው እሱ ላይ ነው። እሱ ካለ ጥያቄ ነው። እሱ ከሌለ ክስ ነው።

ማንም ሰው ሊሳሳት ይችላል። በጥቅሉ ማለቴ ነው።

ቅዳሜ፣ ሻዕባን 10

ሙህሲና ቀቡልን ወፍጮ ቤት አግኝታት መጣች። ምንም አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ጀመረች።

«‹ኡስታዝ ደህና ናቸው?› አለችኝ። አንተን ነው የጠየቀችው። እሷ ቤት ተዘግቶባት አንተ ደህና መሆንህን ትጠይቃለች።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ትበል? ሌላውን የሚል ሌላ ሰው ነው።» ዱቄቱን አራግፋ ወደ ውስጥ ገባች። ለእራት ዐሲድ፣ የዱቄት ገንፎ፣ ሠራች፤ ለብቻዬ በላሁ።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። አንብቦ መረዳት አስተማሪ!

ማክሰኞ፣ ሻዕባን 13

መልሱ መጣ። ዲርሂም ካሴቱን በሁለት እጁ ይዞ ነው ያመጣው። ሐጂ ጁብራን ቤት ሰማነው። የዐውዳን ገጣሚ እርጋታው ያስፈራል፤ ሲያዜም ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። ለማስታወስ ቸኩዬ ጻፍኩት፦

ሰላም ላንቺ፣ ልጄ፣ ማልዶ ለመጣ እግርሽ፣
ሦስቱን ስንኝ ሰማን ከልብ ነው የጠየቅሽ፤
እኛም ዘንድ አልዋለም አላደረም ውሃሽ፣
ሽቅብ አብረን ወጥተን እንፈልግልሽ፤
ያ ሦስተኛው ስንኝ ጢም አበቀለብሽ፣
ባለቤቱ ይምጣ፣ ይውጣ ከጀርባሽ።

ካሴቱ አልቆ ሲቆም ሙስዒድ ተነሣ። «‹ይውጣ› አሉን! ወንድ ካላችሁ አውጡ ማለት ነው!» ሁለት ሦስት ሰው የወገቡን ጩቤ፣ ጀንቢያውን፣ ነካካ።

«ቁጭ በል» አለው ሐጂ ጁብራን። «አንተ ሁልጊዜ የምትሰማው የመጨረሻውን ቃል ነው። ግጥሙን የከፈተው ክፍሉ ነው አይደል? ክፍሉ ያንብበዋ። ሐሙስ ከዐስር በኋላ ትምህርት ቤቱ ግቢ። ልጅህንም አምጣት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተም ጥሩ አድርገህ ጻፍላቸው፣ ልጄ። በትልቁ።»

ሽማግሌው ሁሉን ነገር ያውቃል። ከወላጆች ቀን ጀምሮ ነው የሚያውቀው። ታዲያ ለምን ዝም አለ? ይህ ነው ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ።

ሐሙስ፣ ሻዕባን 15

እንደሆነው አድርጌ ልጻፈው፤ ሳላሳምር።

ጥቁር ሰሌዳውን ወደ ግቢ አወጣነው። ስድስቱን ስንኞች ስጽፍ ሦስት ጠመኔ ሰበርኩ። ወንዶቹ በግንቡ ሥር ተደርድረው ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከጣሪያ ላይ ያያሉ። ልጆቹ መሬት ላይ፣ ደብተራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ቀቡል ከአባቷ ኋላ ገብታ የተለመደ ቦታዋ፣ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች። ከስታለች።

ዐንተር ቀድሞ ተነሣ። «ሐጂ፣ ‹ሦስቱን ስንኝ ሰማን› ይላል። የቀቡል ግጥም አራት ነው። አንዱን ለይቶ አስቀርቶታል። ሦስቱን ወዷቸዋል፤ ‹ልጄ› ብሎ ነው የጠራት። የተጣላ ሰው እንዲህ አይልም።»

«ውሃውም እነሱ ጋ የለም» አለች ያቺ ንቧን የተሟገተችው። «‹አብረን እንፈልግ› ነው የሚለው። እነሱም ጠምቷቸዋል ማለት ነው።»

በግንቡ ሥር ሹክሹክታ ሆነ። እኔ ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ ሰዓት ኮራሁ። ልጆቼ አንብበው አንድ መንደር አረጋጉ ብዬ ኮራሁ።

«ጢሙስ?» አለ ሐጂ ጁብራን።

«ሴት ልጅ ጢም የላትም» አለ ዐንተር። «ስለዚህ...» ጀመረና ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ ቁጭ አለ። ያ አፉ የማይዘጋ ልጅ ቁጭ አለ።

ሐጂ ጁብራን አንገቱን አዘነበለ። «ቀቡል፣ ልጄ፣ ግጥሙ ያንቺ ነው። ሦስተኛውን ስንኝ ማን ጻፈው ነው የሚለው ሰውዬው?»

ተነሣች። ሰሌዳውን አየች። አንድ አፍታ እኔን አየች። በክፍሌ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ፣ ከኔም ጭምር፣ አንብቦ የሚገባው ሰው ቢባል እሷ ናት።

«አልገባኝም፣ ሐጂ» አለች።

«አልገባትም!» ሙስዒድ ጭኑን መታ። «ስድስት ዓመት ተምራ የራሷ ግጥም አልገባትም! በቃ፤ ሁላችሁም ሰማችሁ። ከነገ ጀምሮ ቤት ናት።»

ቀቡል ደብተሯን አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግሁ፤ አጣሁ።

«ስንኙ የኔ ነው» አልኩ።

ድምፄ ስላልወጣ ደገምኩት። «የኔ ነው። እሷ ‹ክስ የለኝም፣ ምንጬ፣ ብቻ ልጠይቅሽ› ነበር ያለችው። እኔ ነኝ የቀየርኩት። አልጠየቅኋትም። ምጣኔው አያነክስም ነበር፤ እኔ ነኝ ያማረ ነገር እንዲሰማልኝ የፈለግሁት። ከዚያም ዝም አልኩ።»

ከጣሪያው ላይ አንዲት ሴት «ኡህ» ስትል ሰማሁ፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ።

«እሰይ!» አለ ሐጂ ጁብራን። «ጢሙን አየነው።» ሰዉ ሳቀ። ሙስዒድ አልሳቀም። ተነሥቶ አጠገቤ መጣ።

«አሥራ አምስት ቀን ልጄን አስቀጣኸኝ። ጨዋ ልጄን።»

ይቅር በለኝ አልኩት። «እኔን ተወኝ» አለና ወደ ኋላ ጠቆመኝ። በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ሄጄ ተማሪዬን ይቅርታ ጠየቅሁ። እሷ ያለችኝ «ምንም አይደለም፣ ኡስታዝ» ብቻ ነው። ጥፋቱ የሷ ይመስል መሬት መሬት ታይ ነበር።

ሐጂ ጁብራን የሰጠው ፍርድ፦ አንድ ሙክት ይዤ ዐውዳን እወርዳለሁ፤ ይቅርታዬንም ራሴ ገጥሜ፣ በዚያው ቤት መምቻ፣ እስከ መጪው ሐሙስ አደርሳለሁ። ልጅቱ ቅዳሜ ትመለሳለች።

ሲበተኑ ሐጂ ጁብራንን ያዝ አድርጌ «ከመጀመሪያው ካወቅህ ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

«መልስ የሚጠበቅብህ አንተ ነበርህ» አለኝ። «በሰው መልስ አልገባም።»

ዓርብ፣ ሻዕባን 16

ከጁምዓ በኋላ ወረድኩ። ሙክቱ መንገድ ላይ ሁለቴ አመለጠኝ። የዐውዳን ገጣሚ እንደ ድምፁ አይደለም፣ አጭርና ጥርሰ ገጣጣ ነው። ቂሽር፣ የቡና ገለባ ሻይ፣ አጠጣኝ፣ በእጁ ኩባያውን ደጋግሞ ሞላልኝ። «ልጅቱ እንዳልጻፈችው በምን አወቅህ?» አልኩት። «ልጅቱ ውሃ ፈልጋ ነው የመጣችው» አለ። «ያኛው ስንኝ ጭብጨባ ፈልጎ ነው።» ከዚያ ሙክቱን አየና «ደግሞ ከሲታ ነው» ብሎ ሳቀብኝ።

ቅዳሜ፣ ሻዕባን 17

ጠዋት ከሁለቱም መንደር ሃያ ሰው ሽቅብ ወጣ። የድሮ እርከን ፈርሶ ቦዩን ደፍኖታል፤ ውሃው ወደ ገደሉ ይፈስ ነበር። ዐስር ሶላት ላይ ተጠርጎ አለቀ። አብሬ አልወጣሁም፤ ክፍል ነበረኝ። ቀቡል ቦታዋ ላይ ነበረች። ያመለጣትን ሁለት ምንባብ ሰጠኋት፤ እስከ ደወሉ መልስ ጽፋ ጨርሳለች። ደብተሯን ስታስረክበኝ የድሮውን ገጽ ገለጥኩት። ከሦስት ሳምንት በፊት በቀይ ያቃናሁት ስንኝ አለ። ከሥሩ በእርሳስ፣ በጣም በቀጭኑ፣ የራሷን ስንኝ መልሳ ጽፋዋለች። ከጎኑ የጻፈችው ቀን የወላጆች ቀን ዋዜማ ነው። ሁሉን ነገር ያን ቀን አንብባዋለች። እንዲያም ሆኖ ደብተሩን ዛሬ በእጄ ሰጥታኛለች።

እሁድ፣ ሻዕባን 18

ለዐውዳን የምልከውን ግጥም ጻፍኩ፤ አራት ስንኝ። ሙህሲና ሳነብላት «መጻፍህ ልክ ነው፣ ግን እኔን ሳይሆን ልጅቱን ጠይቅ» አለች። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ፣ ሌሎቹ ሲወጡ፣ ደብተሬን ለቀቡል ሰጠኋት። በሩ ክፍት ነበር፤ ሁለት ጓደኞቿ ደጅ ይጠብቋታል። ቁማ ቀስ ብላ አነበበችው፦

ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ፣ በድያለሁ አንተን፣
በልጅ አፍ ላይ ጫንኩት የኔን ክፉ ምላስን፤
ሰይጣን አሳስቶኝ ነው ያልኩትን ማለቴን፣
ቦዩ ተጠርጓልና ጥረግልኝ ልቤን።

«ቤቱን ስተዋል፣ ኡስታዝ» አለችኝ። «የሳቸው በ‹ሽ› ነው የሚመታው።» ያን እንኳ አላየሁም ነበር። እንደገና አነበበችው። ከዚያ ጣቷን ሦስተኛው ስንኝ ላይ አሳረፈች፤ ጥፋቱን ለሰይጣን ያስረከብኩበት ላይ። ፊቷ ቀላ።

«ኡስታዝ» አለች፣ «ይቺን ስንኝ ብነካት ይፈቅዱልኛል?»

እኔ አልጠየቅኋትም ነበር። ያን ቀን፣ ቀዩን ብዕር ይዤ፣ ሁለት ቃል ማውጣት አቅቶኝ።

«ፈቅጃለሁ» አልኳትና እርሳሱን አቀበልኳት።